«ገብረም አንድ» ማን ነው? ረዥም የፋይል ስምና አሮጌው ዶስ



የዛሬው የኮምፒዩተር ትምህርታችን ስለ ፋይል ስም ነው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ነበር።

በመማሪያ ክፍላችን ያሉት ኮምፒዩተሮች በዕርዳታ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከተማሪዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ናቸው። የሚሠሩት በዊንዶውስ 98 ሲሆን የአማርኛ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በአንድ ፋይል እናስቀምጥና ፋይሉን በተማሪው ስም፣ በላቲን ፊደል እንሰይመዋለን። በፋይሉ ውስጥ ያለው የትምህርቱ ዓይነትና ማርኩ ብቻ ነበር። የስሙን ቦታ ባዶ ትተን ካተምን በኋላ በእስክርቢቶ በአማርኛ እንሞላዋለን። የልጁን ስም በላቲን ተጣሞ ከማየት ይሻላል ብለን ነው።

የውጤት ወረቀት በሚታደልበት ዋዜማ አንደኛው ኮምፒዩተር ዊንዶውስን አልከፍትም አለ። በዶስ አስነሣነውና ፋይሎቹን በ«ኮፒ» ትእዛዝ ወደ ዲስኬት ገልብጠን፣ ማተሚያ ወዳለበት ሌላ ኮምፒዩተር ይዘናቸው ሄድን። እዚያ ስንከፍተው ሙሉ ስሞቹ የሉም። በቦታቸው «ገብረም» ከሚለው ቀጥሎ ሞገድ የመሰለች ምልክትና ቁጥር 1፣ ሌላው «ገብረም» ሞገድ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 ይላል። አራት ልጆች አሉን፤ ገብረማርያም፣ ገብረመድህን፣ ገብረመስቀልና ገብረሚካኤል። (ስሞቹን ለትምህርቱ ስንል ለውጠናል፤ ነገሩ ግን እንዳለ ነው።) ቁጥሩ በላቲን ፊደል ተራ የተሰጠ መስሎን፣ አንደኛውን ገብረማርያም፣ ሁለተኛውን ገብረመድህን፣ ሦስተኛውን ገብረመስቀል፣ አራተኛውን ገብረሚካኤል ብለን ጻፍንባቸው።

በማግስቱ አንዲት እናት ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ ይህ የልጄ አይደለም።»

«እማማ፣ ስሙ እኮ ተጽፎበታል።»

«ስሙማ የእሱ ነው። በሒሳብ 84 አመጣ ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። እዚህ 48 ይላል። እኔ ባልማርም ልጄ አንብቦልኛል።»

እናትየዋ ልክ ነበሩ። የገብረማርያምና የገብረመስቀል ውጤት ተለዋውጧል። የሁለቱ የቀሩት ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚታጩ ተማሪዎች የስም ዝርዝር ደግሞ በዚሁ ውጤት ተዘጋጅቶ ወደ ገዳሪፍ ከተማ በሚሄደው መኪና ሊላክ ተጭኖ ነበር። ሮጠን አስወረድነው። ዝርዝሩ ተስተካከለ፤ አንድ ልጅ ገባ፣ አንድ ልጅ ወጣ። ለወጣው ልጅ አባት የነገርናቸው እኛው ነን። ምንም አልተቆጡም። «ደህና» ብቻ ብለው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ሄዱ።

ስህተቱ የእኛ ነው። ቢሆንም እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ትእዛዞቹን እዚህ የምንጽፋቸው በራሳችን ፊደል ነው፤ በላቲን እንዴት እንደሚጻፉ በመማሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ተዘርዝረዋል።

ስምንትና ሦስት

ዶስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቲም ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የጻፈውን ሥርዓት ማይክሮሶፍት ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር ለገበያ ቀረበ። የፋይል ስም ልኩን የወሰደው ከእርሱ በፊት ከነበረውና ጌሪ ኪልዳል ከሠራው ሲፒኤም ከተባለው ሥርዓት ነው። ልኩም ስምንት ፊደል ለስም፣ ከነጥብ በኋላ ሦስት ፊደል ለዓይነት ነው። ክፍት ቦታ አይፈቀድም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም አይለይም።

ለምን ይህን ያህል ጠበበ? የዲስኩን ማውጫ እንደ ራሽን መዝገብ አስቡት። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ረድፍ አለ፤ ረድፉ 32 ባይት ብቻ ነው። ባይት ማለት አንድ የላቲን ፊደል የሚያሳድር ቦታ ነው። ከ32ቱ 11ዱ ለስሙና ለዓይነቱ ነው። የቀረው ፋይሉ የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት፣ መጠኑን፣ በዲስኩ ላይ የሚጀምርበትን ቦታና ልዩ ልዩ ምልክቶችን ይይዛል። በዚያ ዘመን ዲስክ ውድ፣ ማኅደረ ትውስታም ትንሽ ስለነበር ቁጠባው ያስኬድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ገብረማርያም በላቲን 11 ፊደል ነው፤ በእኛ ፊደል ሲቆጠር ግን 7 ነው። ገብረመድህን፣ ገብረመስቀል፣ ገብረሚካኤል ሁሉም 7 ናቸው። ዶስ የእኛን ፊደል የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ አራቱም ልጆች በስምንቱ ቦታ ተዝናንተው በገቡ ነበር። (ገብረእግዚአብሔር አይገባም፤ 10 ነው።)

ረዥሙ ስም የተደበቀበት ዘዴ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1995 ዊንዶውስ 95ን ሲያወጣ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ስም ፈቀደ። ነገር ግን አሮጌዎቹ ፕሮግራሞችና ዲስኮች እንዳይበላሹ የመዝገቡን ረድፍ ማስፋት አልቻለም። ስለዚህ አንድ ብልሃት ተፈጠረ። ረዥሙ ስም በ13 በ13 ፊደል ይቆረጥና በተጨማሪ ረድፎች ላይ ይጻፋል። በእነዚህ ረድፎች ላይ «የማይጻፍበት»፣ «የተደበቀ»፣ «የሥርዓቱ» እና «የዲስኩ ስም» የሚሉ አራት ምልክቶች አንድ ላይ ይደረጋሉ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ትርጉም ስለማይሰጡ አሮጌው ዶስ እንዳላየ ያልፋቸዋል። ከእነዚህ ረድፎች ቀጥሎ የተለመደው የስምንትና ሦስት አጭር ስም ይቀመጣል፤ ረዥሙን ከአጭሩ ጋር የሚያስተሳስር አንድ የማረጋገጫ ቁጥርም አለ።

አጭሩን ስም ዊንዶውስ ራሱ ይፈጥረዋል። ክፍት ቦታዎችን ያወጣል፣ የመጀመሪያዎቹን 6 ፊደላት ይወስዳል፣ የሞገድ ምልክትና ቁጥር ይጨምራል። አበበ ከበደ በዚህ ሕግ «አበበከ» ሞገድ 1 ይሆናል። ለአሜሪካኖች ስድስት ፊደል ብዙውን ጊዜ ይበቃ ይሆናል። የእኛ ስሞች ግን መለያቸው መጨረሻቸው ላይ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ብለን ጀምረን ማንነቱን የምንናገረው በኋላ ነው። በላቲን ሲጻፍ ስድስተኛው ፊደል «ገብረም»፣ «ወልደግ»፣ «ኃይለም» ላይ ይቆርጠዋል። ወልደጊዮርጊስና ወልደገብርኤል አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ኃይለማርያምና ኃይለሚካኤልም እንዲሁ።

እኛን ያሳተን ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው በፊደል ተራ አይደለም፤ ፋይሉ በተፈጠረበት ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ የተመዘገበው ገብረመስቀል ስለነበር 1 እርሱ ነበር፤ ገብረማርያም ሦስተኛ ነበር። ደግሞ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። በዊንዶውስ ውስጥ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ብትገለብጡ አጭሩ ስም እዚያ እንደ አዲስ ይሰጣል፤ እዚህ 2 የነበረው እዚያ 1 ሊሆን ይችላል። ከዘጠኝ ካለፈ ዊንዶውስ 98 አንድ ፊደል ቀንሶ አምስት ፊደልና 10 ያደርገዋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ከአራተኛው በኋላ ጠባዩን ይለውጥና ሁለት ፊደል ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን በማይነበብ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይሞላዋል። ስለዚህ በሞገድና በቁጥር ያለቀን ስም በመዝገብም ሆነ በትእዛዝ ፋይል ውስጥ እንደ መታወቂያ አትጻፉ።

ችግሩ ሲያጋጥም

መጀመሪያ የትኛው ዶስ ውስጥ እንዳላችሁ እወቁ። ሁሉም ጥቁር ስክሪን ነው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። «ቨር» ብላችሁ ብትጽፉ ስሙንና ቁጥሩን ይነግራችኋል። ዶስ 6.22 ከሆነ ረዥም ስም ጨርሶ አያውቅም። በዊንዶውስ 98 ውስጥ የሚከፈተው የዶስ መስኮት ግን ያውቃል፤ «ዲር» ሲባል በግራ አጭሩን፣ በቀኝ ዳር ረዥሙን ያሳያል። ያው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ሳይነሣ በዶስ ብቻ ሲከፈት ግን ረዥሙን ያጣል፤ ምክንያቱም ረዥሙን ስም የሚያነበው ክፍል የሚጫነው ከዊንዶውስ ጋር ነው። እኛ የወደቅነው እዚህ ነው። የዊንዶውስ ኤክስፒና ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቁር መስኮቶች ደግሞ ዶስ ይምሰሉ እንጂ ዶስ አይደሉም። ረዥሙን ብቻ ያሳያሉ፤ «ዲር» ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመርና ኤክስ ብትጨምሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ታያላችሁ።

ዊንዶውስ የሚነሣ ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የስም ዝርዝር አውጡ። የዶስ መስኮት ክፈቱ፣ «ዲር» ጻፉ፣ ወደ ቀኝ የሚያመለክተውን የቀስት ራስ አስከትሉ፣ ከዚያ ዝርዝሩ የሚቀመጥበትን ፋይል ስም ስጡ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ በፋይሉ ውስጥ ይገባል። አትሙትና ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ይህች አንዲት ወረቀት ብትኖረን ኖሮ እናትየዋም ባልመጡ ነበር።

ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ከሆነ ፋይሎቹን በዊንዶውስ ውስጥ ረዥም ስም በሚያውቅ የዚፕ ፕሮግራም ጠቅልሉና ጥቅሉን በስምንት ፊደል ሰይሙት። ዶስ የሚያየው የጥቅሉን አጭር ስም ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉትን ስሞች አይነካም። በሌላው ኮምፒዩተር ላይም ዊንዶውስ ውስጥ ፍቱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው አሮጌው የዶስ ፒኬዚፕ ግን ረዥም ስም ስለማያውቅ ለዚህ አይሆንም።

ዊንዶውስ የማይነሣ ከሆነስ? እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግነውን እንንገራችሁ። ወደ ዲስኬቱ የተገለበጡት ፋይሎች ረዥም ስማቸውን አጥተዋል፤ «ኮፒ» አጭሩን ብቻ አንብቦ አጭሩን ብቻ ጽፏልና። ነገር ግን በሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉት ረድፎች አልተነኩም ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኤፍ 8ን ተጭነን የትእዛዝ መስመር ብቻ የሚለውን መረጥን። ከዚያ ዶስኤልኤፍኤን የምትባለውን በነፃ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም ከዲስኬት ጫንን። ይህች ፕሮግራም በማኅደረ ትውስታ ተቀምጣ የዊንዶውስን ድርሻ ትሠራለች። «ዲር» ስንል አራቱም ልጆች በሙሉ ስማቸው በቀኝ በኩል ተሰልፈው ወጡ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፕሮግራሟ መጫኗ ብቻውን አይበቃም፤ የምታዙት ትእዛዝም ረዥሙን ስም መጠየቅ የሚችል መሆን አለበት። ከዊንዶውስ 95 እና 98 ጋር የመጣው ዶስ 7 ስለሚጠይቅ ወዲያው ይሠራል። የዶስ 6.22 «ዲር» እና «ኮፒ» ግን ፕሮግራሟ ብትጫንም አይጠይቁምና አጭሩን ማሳየት ይቀጥላሉ። «ጫንኩት፣ አልሠራም» የሚሉን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ነፃው ፍሪዶስ ደግሞ በመካከል ነው፤ «ዲር» ላይ ያዘነበለውን መስመርና ኤል፣ ኤፍ፣ ኤን የሚሉትን ሦስት ፊደላት ስትጨምሩ ያሳያል።

ክፍት ቦታ ያለበት ስም ሌላው ራስ ምታት ነው። ዶስ ክፍት ቦታን የሚያየው የአንድ ቃል መጨረሻ አድርጎ ስለሆነ «የስምንተኛ ክፍል ውጤት» ብትሉት ሦስት የተለያዩ ነገሮች የሰጣችሁት ይመስለዋል፤ ብዙ ቃል ሰጣችሁኝ ብሎ ይመልስላችኋል። ረዥም ስም በሚያውቀው መስኮት ውስጥ ስሙን በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መካከል አስገቡት። በማያውቀው ዶስ አጭሩን በሞገዱ ጻፉ። የሞገዷ ምልክት ሱዳን ውስጥ በሚሸጡ ኪቦርዶች ላይ ከቁጥር 1 በስተግራ፣ የዓረብኛዋ ዛል ያለችበት ቁልፍ ላይ ናት፤ ሺፍት ይዛችሁ ትጫኗታላችሁ። ኪቦርዱ በዓረብኛ ከተያዘባችሁ ወይም ቁልፉ ከሞተ አልት ይዛችሁ በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች 126 ጻፉ።

የዲስኬት ነገርም አለ። ባለ 1.44 ሜጋባይቱ ዲስኬት በዋናው ማውጫው ላይ ያሉት ረድፎች 224 ብቻ ናቸው። የልጁና የአባቱ ስም ከነክፍሉ 36 ፊደል ቢሆን፣ በ13 በ13 ሲቆረጥ 3 ረድፍ ይወስዳል፤ አጭሩ ስም ሲጨመር 4። ስለዚህ በዊንዶውስ ከተገለበጠ 56 ፋይል ላይ መዝገቡ ያልቃል። እያንዳንዱ ፋይል 2 ኪሎባይት ቢሆን የተያዘው ቦታ 112 ኪሎባይት ነው፤ ከዲስኬቱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዲስኬቱ ግን አልቀበልም ይላል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ንዑስ ማውጫ ፍጠሩና እዚያ ውስጥ አስገቡ፤ የንዑስ ማውጫ ረድፍ እንዲህ አይገደብም።

አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 በፊት የተሠሩ የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራሞችን፣ የዶስ 6ን «ዲፍራግ» እና «ስካንዲስክ» ጭምር፣ ረዥም ስም ባለበት ዲስክ ላይ አታስነሡ። እነዚያን ተጨማሪ ረድፎች እንደ ብልሽት ቆጥረው ሊያጠፏቸው ወይም ሊበታትኗቸው ይችላሉ። የግድ ከሆነ በዊንዶውስ 95 ሲዲ ላይ ያለው ኤልኤፍኤንቢኬ የተባለ ፕሮግራም አስቀድሞ ረዥም ስሞቹን በአንድ ፋይል አስቀምጦ በኋላ ይመልሳቸዋል፤ በመካከሉ ግን ማውጫዎቹን ማንቀሳቀስ አይገባም። በአሮጌ ዶስ ስም መለወጥም አደጋ አለው። የማረጋገጫ ቁጥሩ ስለማይገጥም ረዥሙ ስም ከፋይሉ ይፋታል፤ የዊንዶውሱ ስካንዲስክ የተረፉትን ረድፎች ያጸዳል እንጂ ስሙን አይመልስም።

አሁን እንዴት እንደምንሰይም

ከዚያ በኋላ በመምህራን መካከል ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን ፋይሉን በስምንት አኃዝ እንሰይም አልን፤ ሁለት ለክፍሉ፣ ሁለት ለዓመተ ምሕረቱ፣ አራት ለልጁ መዝገብ ቁጥር። በ2016 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል የነበረው፣ የመዝገብ ቁጥሩ 147 የሆነ ልጅ 08160147 ይባላል። ለየትኛውም ዶስ ይመቻል፤ ሁለት ልጅም አንድ አይሆንም። አንድ የሥራ ባልደረባችን ተቃወሙ። «በራሽን ካርድ ቁጥር፣ በድንኳን ቁጥር ስንጠራ ኖርን። አሁን ደግሞ ልጆቹን በክፍል ውስጥ በቁጥር ልናደርጋቸው ነው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። የተስማማነው ፋይሉ በቁጥር እንዲሰየምና በፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ሙሉ ስም እንዲሆን ነው፤ ቁጥሩና ስሙ በአማርኛ ጎን ለጎን የሚጻፍበት ደብተርም አለ። ስሙ በፋይሉ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ኮፒም ሆነ ዚፕ አይነካውም።

ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። ስማችን በላቲን አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ገብረ የሚለውን አንዱ በጂ ብቻ፣ ሌላው በጂና በኤች ይጽፈዋል፤ ወልደ በኦም በኢም ይጻፋል። በዓረብኛ ተመዝግቦ ወደ ላቲን የተመለሰ ስም ከሆነማ ባለቤቱም አያውቀው። የምንኖርባት ገዳሪፍ ራሷ በዓረብኛ የምትጻፈው በቃፍ ነው፤ በላቲን አንዱ ካርታ በጂ፣ ሌላው በኪው ይጀምራታል። በስሟ የተሰየሙ ሁለት ማውጫዎች በአንድ ዲስክ ላይ አግኝተናል፤ ግማሹ ደብዳቤ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ነበር።

በስልክ የምትሠሩ ወጣቶች «እኛ ፋይሉን በአማርኛ እንሰይማለን፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ረዥሙ ስም የሚጻፍባቸው ረድፎችም ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚሰጡ የእኛን ፊደል ይይዛሉ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጥቷል። ዊንዶውስ 98 ግን በአማርኛ የተሰየመን ፋይል ማንበብ አይችልም፤ በስሙ ቦታ ሰረዝ ወይም የጥያቄ ምልክት ይደረድራል፣ ብዙ ጊዜም አይከፍተውም። አጭሩ ስምም ትርጉም የሌለው ድብልቅ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ ክፍል የምታመጡትን ፋይል አስቀድማችሁ በስልኩ ወይም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ በስምንት የላቲን ፊደል ወይም አኃዝ ሰይሙት። ዛሬ በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽም ቢሆን በውስጡ ያው አጭርና ረዥም ስም ጎን ለጎን አለ።

የሱዳኑ ጦርነት ከጀመረበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ስልክና ኢንተርኔት በአገሪቱ በአብዛኛው በተቋረጠ ጊዜ፣ ወረቀትና ፋይል ከቦታ ቦታ የሚሄደው በሰው ኪስ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዲስኬትም ሆነ ፍላሽ ስትልኩ የስሙን ዝርዝር በወረቀት አብራችሁ ላኩ፤ ቁጥሩን በግራ፣ ሙሉ ስሙን በቀኝ። ባለፉት ዓመታት ከእኛ ክፍል የውጤት ወረቀት የወሰዳችሁ ወላጆችም የልጃችሁ ማርክ ካጠራጠራችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ከደብተሩ ጋር እናመሳክረዋለን።